የሂርሲ ሞተር

በርበራ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሽ ሰይፈ፣

ሰላምታዬ ከባሕሩ ጠረፍ ተነሥቶ፣ የቶጎጫሌን ድንበር ተሻግሮ፣ በጃማ ሚኒባስ ተሳፍሮ በደህና ከደጅዎ ይድረስ። እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ የጅጅጋን ብርድ ቻለው? እኔ ክብር ለእግዚአብሔር ደህና ነኝ። የበርበራ ሙቀት ሰሞኑን በረድ ብሏል፤ በሐሩሩ ወራት ወደ ደጋ ሸሽቶ የነበረው ሰው ሁሉ እየተመለሰ ሆቴላችን ሞልቷል። ከወጥ ቤቱ ኃላፊነት ሌላ እንግዳ መቀበሉም እኔው ላይ ወድቋል።

ዛሬ የምጽፍልዎ ለልመና ነው። የሆቴላችን ባለቤት ዐብዲሰላም፣ በጥር ወር አርብ ቀን እዚሁ ባሕሩ አጠገብ የጥንት መኪናና ሞተር ብስክሌት ትርኢት ሊያዘጋጅ ነው። ከሐርጌሳ ሰባት ላንድሮቨር ይመጣል። አንድ የወደብ ሠራተኛ የአያቱን የጭነት መኪና እየጠገነ ነው። እኔም አፌ አላርፍ ብሎ፣ አጎቴ ጅጅጋ ውስጥ ባለ ጎን ጋሪ፣ ከጎኑ ሰው የሚቀመጥበት፣ የእንግሊዝ ሞተር አለው አልኩ። ዐብዲሰላም ከወንበሩ ተነሣ። እንዲህ ያለ ሞተር ከልጅነቱ ወዲህ አላየም።

ትዝ ይልዎታል? የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ጎን ጋሪው ላይ አስቀምጠው በግቢያችን ውስጥ ያዞሩኝ ነበር። ከበሩ እንውጣ ስልዎ፣ መንገዱ አቧራ ነው ይሉኛል። ሞተሩ ከዚያ በር ሲወጣ አንድ ቀን አላየሁም። አሁን ይውጣ። ጃማ ከዘመዱ አይሱዙ ተውሶ ራሱ ሊያመጣው ፈቃደኛ ነው። ሳልጠይቅዎ አስመዝግቤዋለሁና እንዳያሳፍሩኝ።

ጉልበትዎን ስሜ፣
ሄርሜላ


ጅጅጋ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄርሜላ፣

ያሳደገሽ አምላክ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ ባሕሩም ከሩቁ ይይሽ። እኔ አለሁ። ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር ሌላው ዕቃ ሁሉ ይሠራል። ስልኩን ልጆቹ ጆሮዬ ላይ ሲያደርጉልኝ ጩኸት እንጂ ቃል አይመጣልኝም፤ አርባ ዓመት ብረት የቀጠቀጠ ሰው ዕጣው ይኸው ነው። ስለዚህ ወረቀቱን አትተዪ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሃያ ቀን አልፎታል። ጃማ በመጣ ቁጥር መልሱስ ሲለኝ፣ እስክሪብቶ ጠፋኝ እያልኩ መለስኩት። እስክሪብቶ አልጠፋኝም።

ስለ ሞተሯ ነገሩ እንዲህ ነው። አርጅታለች። የኋላ ጎማዋ ተሰነጣጥቋል፤ ካርቡሬተሯ ነዳጅ ያንጠባጥባል። አሮጊትን ከአልጋ አንሥቶ ለሠርግ ጭፈራ የሚወስድ የለም። ደግሞስ ሳይጠይቁ በሰው ዕቃ መመዝገብ ከማን ተማርሽ? ከኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለሰውዬሽ አጎቴ እምቢ አለ በይው፤ ሽማግሌ ግትር ነው ቢባል ማንም አይደነቅም።

የዓይን ጠብታዬ አልቋል፤ እዚያ ጥሩው አለ ይላሉና ላኪልኝ።

ሌላው ለወሬ ያህል ነው። በዚያ አገር ሂርሲ የሚባል፣ ድሮ እዚህ የከብት ክትባት ሠራተኛ ሆኖ በቱሊ ጉሌድ በኩል ሲዞር የኖረ፣ ረጅም ሰው፣ ታውቂ እንደሁ። ምናልባት ሞቷል። ብታገኚው ስሜን አታንሺ፤ ወሬውን ብቻ ላኪልኝ።

አጎትሽ ሰይፈ


በርበራ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ሰይፈ፣

ጤናዎን እመቤቴ ትጠብቅልኝ። ጠብታውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለጃማ ሰጥቻለሁ፤ ጠዋትና ማታ ነው።

ሂርሲ ላሉኝ፣ በዚህ አገር ሂርሲ ብሎ መጠየቅ ጎንደር ገብቶ ታደሰ ብሎ መጣራት ነው። የአባቱን ስም ይንገሩኝ። ለወሬ ያህል ከሆነ ግን ስሜን አታንሺ ያሉኝ አልገባኝም።

የሞተሩን ነገር እባክዎ ደግመው ያስቡበት። ዐብዲሰላም ማስታወቂያውን አሳትሞ ከተማው ላይ ለጥፎታል። መሀሉ ላይ ባለ ጎን ጋሪ ሞተር ተስሏል፤ ከሥሩ የእኔ ስም አለ። እዚህ አገር ሰባት ዓመት ሙሉ ስሜን ያቆየሁት በቃሌ ነው፤ ከመሬት ተነሥቼ ውሸታም ልባል ነው። ደግሞ አደራ፣ ቀለም እንዳይቀቡት። ዝገቱ ዕድሜው ነው፣ እንዳለ ይምጣ ብሏል። ለጉምሩክ ሊብሬው ያስፈልጋል።

ልጅዎ ሄርሜላ


ጅጅጋ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄርሜላ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ለምትበይው እንጀራም በረከት ይስጥልኝ። ጠብታው ደህና ነው፣ ያቃጥላል።

ሞተሯን ልኬልሻለሁ። ለምን ሐሳቤን እንደቀየርኩ አትጠይቂኝ። አንድ ወር ሙሉ በሩን ዘግቼ ፈታኋት፣ ገጠምኳት። ዝገቱ ይቆይ ያለውን ሰውዬሽን አልሰማሁትም። ሰው ቤት የሚሄድ ታጥቦ ነው የሚሄድ። የነዳጅ ጋኗን እንደ ድሮዋ ጥቁር ቀብቻታለሁ፤ የጎን ጋሪዋንም መቀመጫ አሰፍቻለሁ። ሁለቴ ስትረግጫት ትነሣለች፤ ሦስተኛውን ከፈለገች በርዷታል ማለት ነው።

አሁን የምልሽን በደንብ አድርጊ። ሞተሯ ፊት የሚቆመው ሰሌዳ ላይ የእኔን ስም እንዳትጽፊ። “የሂርሲ ሮብሌ ሞተር፣ ጅጅጋ” ተብሎ ይጻፍ፤ በሱማልኛም፣ ትልቅ ሆኖ፣ ከሩቅ እንዲነበብ። ሰው መጥቶ ቢጠይቅሽ አድራሻውን ያዢ።

ሊብሬውን በፖስታ አሽጌ ለጃማ ሰጥቼዋለሁ። ለጉምሩክ ብቻ ነው። ከተሻገረች በኋላ ፖስታውን ይዞልኝ ይመለስ፤ አንቺ ጋ ጉዳይ የለውም። ከትርኢቱ በኋላም መልሱልኝ ብዬ አላስቸኩልሽም።

አጎትሽ ሰይፈ


በርበራ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ሰይፈ፣

እንደምን አሉ? ሞተሩ ደርሷል። ዐብዲሰላም ቀለሙን ሲያይ ራሱን ያዘ፤ በሁለተኛው እርግጫ ሲነሣ ግን ሁሉን ረሳው። የሆቴሉ ሠራተኛ በሙሉ ወጥቶ አጨበጨበ። እኔም ልጅነቴ መጣብኝና አለቀስኩ።

ፖስታውን ግን ጉምሩኮቹ ቀደውታል። ጃማ የተቀደደውን ሲሰጠኝ ወረቀቶቹ እንዳይወድቁ ልሰብስብ ብዬ አየኋቸው። አልዋሽዎትም፣ አነበብኳቸው። ሊብሬው በእርስዎ ስም ነው። አብሮት የሽያጭ ውል አለ፤ ሂርሲ ሮብሌ ሞተሩን ለሰይፈ ሸጫለሁ ይላል፤ ሚያዝያ 1970 ዓ.ም. የተጻፈ ነው።

የገዙት ከሆነ ስለምን በእሱ ስም ይቁም አሉኝ? ካልገዙት ደግሞ ውሉ ምንድን ነው? ጋሼ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት። የእርስዎን እጅ ከየትም አውቀዋለሁ። ውሉ ላይ የሻጩም የገዢውም ፊርማ የአንድ እጅ መሰለኝ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ፤ ግን ይንገሩኝ። እዚህ ሰው ፊት የምቆመው እኔ ነኝ።

ሄርሜላ


ጅጅጋ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሄርሜላ፣

ለጥምቀቱ በሰላም ያድርስሽ።

ገዝቻታለሁ። ወረቀት አለ። ያኔ ጦርነት ነበር፤ ሰው የሚፈርመው ቆሞ፣ በጥድፊያ ነው። ሰሌዳውን እንዳልኩሽ አድርጊ፤ ፖስታውን መልሺ። ሽማግሌ በጥያቄ አይደከምም።

ሰይፈ


በርበራ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን ላቆየው፤ ዛሬ ከእጄ አይወጣም።

ትርኢቱ አርብ ዕለት ሆነ። ከስግደት በኋላ ከተማው ግልብጥ ብሎ መጣ። ላንድሮቨሮቹ ባሕሩን ተደግፈው ተሰለፉ። የጭነት መኪናው እምቢ ብሎ ተገፍቶ ገባና ሰው በሳቅ ፈረሰ። የእርስዎን ሞተር ከሁሉ ፊት አደረጉት፤ ሰሌዳውም እንዳዘዙኝ ቆመ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ አንዲት ሴት መጥታ ሰሌዳው ፊት ቆመች። አነበበች፤ ደግማ አነበበች። ማን ያመጣው ነው ብላ ጠየቀች፤ እኔ አልኳት። ምንም ሳትል ሄደችና ከአንድ ሰዓት በኋላ አሮጊት እናቷን ደግፋ ተመለሰች። ሴትዮዋ ላዳን ትባላለች፤ የወደቡ ጸሐፊ ናት። እናቷ፣ ሰው ሁሉ ኤዶ፣ አክስቴ፣ የሚላቸው ሀሊሞ፣ የሂርሲ ሮብሌ ባለቤት ናቸው። ሂርሲ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው።

ኤዶ ሀሊሞ የጎን ጋሪውን ጠርዝ በእጃቸው እየዳሰሱ ዞሩ። የጅጅጋ አማርኛቸው እስካሁን አለ። “ይቺ የባሌ ናት” አሉኝ። “ወታደር ወሰዳት ብሎን ነበር።” ማን ነው ያላችሁ ብዬ ጠየቅሁ፤ ምነው አፌ በተያዘ። “ሰይፈ” አሉ፤ “መካኒኩ።”

እኔ እርስዎን ላድን ብዬ ነው፣ ሮጬ ውሉን አመጣሁና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ቀኑ ጋ ስደርስ ኤዶ ሀሊሞ እጃቸውን አነሡ። በሚያዝያ 1970 ሂርሲ ሐርጌሳ ነበር አሉ። የካቲት ሳያልቅ ነው እሳቸውን ይዞ ከጅጅጋ የወጣው፤ ከዚያ ወዲህ ዐሥራ አንድ ዓመት አልተመለሰም። የሚፈርም እጁ እዚያ አልነበረም። በዙሪያችን ሃምሳ ሰው ቆሞ ነበር። አጎትሽ ሌባ ነው ያለኝ የለም። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ።

ሞተሩን ዐብዲሰላም ጋራዥ ውስጥ ቆልፎበታል። የነገሩ መጨረሻ ሳይታወቅ ማንም አይነካውም ብሏል። ቁልፉ እኔ ጋ አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠራተኞቹ ስገባ ወሬ ያቆማሉ።

ፖስታውን አልመልስልዎትም። እውነቱን ይጻፉልኝ።

ሄርሜላ


ጅጅጋ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሄርሜላ፣

ምርቃት ለመጻፍ እጄ ፈርቷል። አንቺን ግን እግዚአብሔር ይጠብቅሽ፤ በዚህ ነገር ንጹሕ አንቺ ብቻ ነሽ።

እውነቱ ይኸውልሽ። በየካቲት 1970 ሂርሲ ጋራዤ መጣ። ነዳጅ የለም፣ መንገዱ በመድፍ ይመታል፣ በእግር ሊወጡ ነው። ወዳጄ ነበር፤ ስድስት ዓመት ሞተሯን ያከምኩለት እኔ ነኝ። ቁልፉን እጄ ላይ አኖረና “አማና” አለኝ። አደራ ማለት ነው፤ አንቺም አሁን ታውቂዋለሽ። ሁለታችንም በየአምላካችን ስም ቃል ተሰጣጣን።

እሱ ከወጣ በኋላ የሸሸ ሰው ንብረት ይወረስ ጀመር። ሞተሯ እንዳትወሰድ ብዬ ውሉን ጻፍኩ፤ በሁለቱም ቦታ ፈረምኩ። እስከዚህ ድረስ ያደረግሁትን ሂርሲም ቢያይ ያመሰግነኝ ነበር።

በ1981 ጥቅምት ላይ መጣ። የሐርጌሳ ሰው በጦርነቱ ሸሽቶ ሐርተሼክ መጠለያ ሰፍሮ ነበር፤ እሱም ከቤተሰቡ ጋር ድንኳን ውስጥ ነበር። ከዚህ ውሃ በሚያመላልሰው ቦቴ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የደረሰው። ከስቶ ስለነበር መጀመሪያ አላወቅሁትም። ሻይ አቀረብኩለት። ሞተሯ ከጀርባዬ ነበረች፣ ከሸራው ወዲያ፣ ሦስት እርምጃ። “ወታደር ወሰዳት” አልኩት። ሻዩን ጠጣ፣ መረቀኝ፣ ሄደ።

ለምን አትበይኝ ማለት አልችልም። ስለወደድኳት ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት እያጠብኩ፣ ዘይት እየቀየርኩ፣ ወረቀቱንም እያየሁ የእኔ ናት ብዬ አምኜ ነበር። የእኔ እንዳልሆነች የገባኝ እሱ በሩ ላይ ሲቆም ነው። ከዚያ ወዲያ ፈታትቼ በሣጥን ደበቅኋት፤ መጠለያው ተዘግቶ ሰው ሁሉ እስኪመለስ አልገጠምኳትም። ከግቢ ያላወጣኋት ለአቧራው ብዬ አልነበረም።

አሁን ስጪያቸው። ሊብሬውንም በስማቸው አዞራለሁ። ልሞት ነው እንጂ ሌላ ምን ቀረኝ፤ ከእጄ ትውጣና ልረፍ። ይህን ደብዳቤ አንብቢላቸው።

ሰይፈ


በርበራ፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሽ ሰይፈ፣

ሰላም ይሁንልዎ። ደብዳቤዎን በሆቴሉ በረንዳ ላይ በሱማልኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ላዳንና እናቷ ነበሩ፤ ሦስት ሽማግሌዎችም ከዘመዶቻቸው መጥተዋል። 

ሞተሩን አንቀበልም አሉ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ እንዲህ አለ፦ “አማና በአፍ ተሰጠ፣ በአፍ ይመለሳል። ብረት አይሱዙ ላይ ይጫናል፤ ቃል አይጫንም።” ሥርዓታቸው ነው ጋሼ፤ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። የበደለ ሰው ራሱ መጥቶ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት ቆሞ፣ ያደረገውን በራሱ አፍ ካልተናገረ ዕርቅ የለም። ረመዳን ሳይገባ ይለቅ ብለው ሐሙስ የካቲት 20 ቀጥረዋል።

አሁን የምነግርዎትን ቁጭ ብለው ያንብቡ። ያኔ ሂርሲ ከሐርተሼክ ወደ እርስዎ ሲመጣ ኤዶ ሀሊሞ እርጉዝ ነበሩ። ሕፃኑ በጎን ነው፣ በዚህ ሳምንት ጅጅጋ ሆስፒታል ካልደረስሽ ሁለታችሁም አትተርፉም ብላቸው ነበር አዋላጇ። ሂርሲ ሞተሩን ፍለጋ የመጣው በጎን ጋሪው ሊወስዳቸው ነው። ባዶ እጁን ሲመለስ መኪና ለመኑ፤ በአምስተኛው ቀን በዱቄት ጆንያ ላይ ተጭነው ደረሱ። እሳቸው ተረፉ። ልጁ ስም ሳይወጣለት ተቀበረ።

ላዳን ይህን ስትናገር ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። እናቷ ግን አቋረጧት። ሂርሲ ኩሩ ሰው ነበር አሉ፤ ሚስቴ ልትሞት ነው ብሎ የሰው ደጅ ላይ አይለምንም። “ሰይፈ ቢያውቅ ኖሮ ሞተሩን አይደለም፣ በጀርባው ተሸክሞኝ ይሄድ ነበር። የሠርጌ ቀን እሱ ነው በዚያ ሞተር ያመጣኝ። የዋሸው ሳያውቅ ነው። ስስት ነው፤ ስስት ይታለፋል።” ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ላዳንም በመጨረሻ ለእናቷ ስትል እሺ አለች።

ይህን ከሰማሁ ወዲህ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። ያደረጉት ክፉ ነው፤ ግን አያውቁም ነበር። ሐሙስ ይምጡ፤ አላወቅሁም ይበሏቸው። የቀረውን እነሱ ራሳቸው ይጨርሱታል።

ልጅዎ ሄርሜላ


ጅጅጋ፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሄርሜላ፣

እግዚአብሔር ከእኔ ይልቅ አንቺን ያስብሽ።

እመጣለሁ። ረቡዕ ከጃማ ጋር ቶጎጫሌ አድራለሁ፤ ሐሙስ ረፋድ ላይ ደርሳለሁ። ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ወንበር እንዳታዘጋጂልኝ፤ ቆሜ ነው የምናገር።

አላወቅሁም በል ያልሽኝን ሦስት ቀን በአፌ ሞከርኩት። ደህና ይወጣል። ሠላሳ ስድስት ዓመት የለመደ አፍ ነው፤ ማንም አይጠረጥረውም ነበር።

ሀሊሞ ስለ ባሏ ኩራት ያለችው እውነት ነው። ሂርሲ እስከዚያች ቀን ድረስ ሰው ለምኖ አያውቅም። ሻዩን ጠጥቶ፣ መርቆኝ ሄደ ያልኩሽ ግን ውሸት ነው። ሻዩን አልነካውም። ገና ሳይቀመጥ ጉልበቴን ያዘ። ሀሊሞ ልትሞትብኝ ነው፣ ሕፃኑ በጎን መጥቷል አለኝ። ለሁለት ቀን ብቻ ስጠኝ፤ እሷን ላድርስና ከዚያ ወዲያ ሞተሯ ያንተው ትሁን፣ በሰው ፊት እፈርምልሃለሁ አለኝ። እኔ የፈረምኩለትን አያውቅም። ያንተ ትሁን ሲለኝም አላመንኩትም፤ ይዟት ይቀራል ብዬ ነው የፈራሁት።

ወታደር ወሰዳት ያልኩት ይህን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ ነው። ያኔ ጆሮዬ ደህና ነበር።

ይህን አንቺ አትንገሪያቸው። ሀሊሞ እስከ ሐሙስ እንዳሰበችኝ ታስበኝ። ፊቷ ቆሜ፣ እኔ ራሴ እነግራታለሁ።

አጎትሽ ሰይፈ